ክፍት ቦታ ብዬ የመዘገብኩት ተዳፋት

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። ጅማ አወቱ መንደራ ካለው የእናቴ ቤት በማለዳ ወጥቼ፣ በሰቃ በኩል በሚያልፈው አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ አዲስ ሸሚዜን ከአቧራ እያራገፍኩ አንዲት የቡና ከተማ ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ደረስኩ። የከተማዋን ስም አልጽፍም። አብረውኝ የሠሩ ያውቋታል፤ ለሌላው ስሟ አይጠቅመውም።

የቴክኒክ ክፍል ኃላፊው አቶ ግርማ የሚባሉ ከሲታ ሰው ነበሩ። ዲፕሎማዬን ጀርባውን ሳይቀር ገልብጠው አዩት። ከዚያ ማዕዘን መለኪያውን ቴዎዶላይት ከነእንጨት ሳጥኑ፣ ባለሦስት እግር ማቆሚያ፣ ባለ ሃምሳ ሜትር መለኪያ፣ መዶሻ፣ አንድ ጆንያ ችካልና ጠንካራ ሽፋን ያለው የመስክ ደብተር አስፈርመው ሰጡኝ። በመጨረሻም በር ላይ የቆመውን ሰው በአገጫቸው አመለከቱኝ።

«ይሄ ማርቆስ ነው። ዘንግ ይይዛል። ወሬ አያበዛም።»

ለእሱ ብቻ አላስፈረሙኝም።

ማርቆስ በወጣትነቱ ከዳውሮ ቡና ለቀማ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። የቀን ሠራተኛ ነበር። በአሥር ዓመት ይበልጠኛል፤ ቢሆንም እሱ እርስዎ ይለኛል፣ እኔ አንተ እለዋለሁ። «ኢንጂነር» ብሎ ሲጠራኝ ሁለት ጊዜ አረምኩት። በሦስተኛው ለጆሮዬ ስለጣመኝ ተውኩት።

ቅየሳ ሁለት ሰዎች ተራርቀው የሚሠሩት ሥራ ነው። እኔ መሣሪያው ኋላ እቆማለሁ፤ እሱ ቀይና ነጭ የተቀባውን ዘንግ ይዞ መቶ ሜትር፣ መቶ ሃምሳ ሜትር ርቆ ይሄዳል። በእጅ ምልክት እንነጋገራለን። ቀኝ እጄን ዘርግቼ ካነሳሁ ወደ ቀኝ ይጠጋል፤ ሁለቱንም ካነሳሁ ነጥቡ ተያዘ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው በመነጽር እያየህ ትውላለህ፣ ግን አታወራውም። ፊቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ሁሉ አውቀው ነበር። ቤቱ የት እንደሆነ ግን ብዙ ዓመት አላወቅኩም።

በመጀመሪያው ወር ከጤና ጣቢያው በስተምሥራቅ ያለውን ተዳፋት እንድንለካ ታዘዝን። ሣር የበቀለበት፣ አልፎ አልፎ ረጅም ቅጠል ያላቸው ተክሎች የቆሙበት ቦታ ነው። ያ ተክል በእኛ አገር የታወቀ ነው። ቡና ያለው ገበሬ የማሳውን ድንበር በእሱ ይለያል። ጅማ ያደገ ሰው ሲያየው «ድንበር» ይላል እንጂ ሌላ አያስብም። እኔም አላሰብኩም። እያንዳንዱን በማዕዘንና በርቀት ይዤ፣ ከአንድ እስከ ሠላሳ አንድ ቁጥር ሰጥቼ፣ «የድንበር ተክል» ብዬ ደብተሬ ላይ አሰፈርኩ።

ማርቆስ በየተክሉ ሲደርስ ኮፍያውን ያወልቅ ነበር። ሙቀት መስሎኝ ነበር። ዘንጉንም ተክሉ ሥር አያቆምም፤ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ይላል።

«አስጠጋው እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት።

ትንሽ አስጠጋው። ያን ያህል ብቻ።

ቢሮ ተመልሰን ነጥቦቹን ወረቀት ላይ ሳወርዳቸው መስመር አልሠሩም። ድንበር እንዲህ ተበታትኖ አይቆምም። አቶ ግርማ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት።

«የማን ድንበር ነው?»

«የጠየቅኩት ሰው የለም።»

«ባለቤት የሌለው ድንበር የለም። ቤት የለበትም፣ አጥር የለበትም። ክፍት ቦታ በልና እለፍ።»

ሠላሳ አንዱን ነጥብ ከካርታው አውጥቼ «ክፍት ቦታ» ብዬ ጻፍኩ። ደብተሩን ግን አልጣልኩትም፤ ቀያሽ የመስክ ደብተሩን አይጥልም።

ዓመታት አለፉ። አቶ ግርማ ጡረታ ወጡ። እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ በተከራየኋት አንድ ክፍል እየኖርኩ፣ ዓርብ ማታ ጅማ ሚስቴ ዘንድ እመለስ ነበር። ልጅ አልሰጠንም፤ አልሐምዱሊላህ፣ ዘይነባ ግን ነበረችኝ። እሷም ታመመችና ሳልጠግባት አለፈች። የቀብሯ ዕለት ከሙስሊም መቃብሩ በር ውጭ፣ ከባጃጆቹ አጠገብ፣ አንድ ሰው ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ አየሁ። ማርቆስ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ወደ ውስጥ አልገባም፤ እኔም ና ግባ አላልኩትም። ያን ቀን እንኳ አንተ ሚስት አለችህ ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም።

ከዚያ አዲሱ ከንቲባ መጡ። ስለ እሳቸው ሳወራ ሰዎች የሚጠብቁት ሐሜት ነው። እኔ ግን በመጀመሪያ ውለታቸውን እናገራለሁ፤ እውነቱ እሱ ነውና።

በመጡ በመጀመሪያው ቀን ማንም ሳያውቃቸው ከባለጉዳዮቹ ጋር አግዳሚ ላይ ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ሰበሰቡንና ማን ስንት ሰዓት እንደገባ፣ ማን ሻይ ብሎ ወጥቶ እንዳልተመለሰ አንድ በአንድ ነገሩን። በወሩ ፋይሎች ሁሉ ቁጥር ተሰጣቸው። ጠፋ ተብሎ ዓመታት ሙሉ ስታለቅስ የኖረች የአንዲት ሴት የቤት ካርታ በአንድ ከሰዓት ከመሳቢያ ተገኘ። ጉቦ ቀርቶ ቡና ልጋብዝዎት የሚል እንኳ ከቢሮ ጠፋ።

አንድ ቀን የገዛ አጎታቸው አጥር መንገድ ገብቷል ተብሎ ልለካ ሄድኩ። እውነቴን ነው፣ እየፈራሁ ነው የሄድኩት።

«ኦቦ ጀማል፣ ስንት ወጥቷል?» አሉኝ ስመለስ።

«ሁለት ሜትር ከሠላሳ።»

«ሁለት ሜትር ከሠላሳው ይፍረስ። ሠላሳዋን እንዳይረሷት።»

ፈረሰ። እኔ እኚህን ሰው ወደድኳቸው። ዘመኔን ሁሉ የሰጠሁት ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ ያገኘ መሰለኝ። ቶታል ስቴሽን የሚባለውን ዘመናዊ የቅየሳ መሣሪያ አስገዝተውልኝ ሳጥኑን ራሳቸው ከመኪና አወረዱልኝ። ሚስቱን ላጣ ሰው፣ ማታ የሚጠብቀው ለሌለ ሰው፣ አለቃ «ጎበዝ» ሲለው ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከተማዋ መናኸሪያ አልነበራትም። ሰው በዝናብ በፀሐይ መንገድ ዳር እየተጋፋ ነበር የሚሳፈረው። ከንቲባው ካርታውን ዘርግተው፣ ጣታቸውን ከጤና ጣቢያው በስተምሥራቅ አሳረፉ። «ክፍት ቦታ» ይላል፤ በእኔ የእጅ ጽሕፈት። ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ ማስታወቂያ በሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ወሩ የቡና ለቀማ ነበር። ቅሬታ ያላቸው ሰዎች በዚያ ወር ከጫካ አይወጡም። ቀኑ አለፈ።

ከቀነ ገደቡ በኋላ በአንድ ሰኞ አምስት ሰዎች መጡ። ከደቡብ መጥተው በከተማዋ የኖሩ የወንጌላውያን ሽማግሌዎች ናቸው። ከፊት መጋቢ ዮሐንስ፣ ከኋላ በሩን ተደግፎ ማርቆስ። ስብሰባው ላይ የተጠራሁት ካርታውን ይዤ ነው።

«ክቡር ከንቲባ፣ ቦታው መቃብራችን ነው» አሉ መጋቢ። «ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም የራሱ አለው፣ እግዚአብሔር ይባርክለት። ለእኛ አንድ ደግ ሽማግሌ በቃል ነው የሰጡን፤ ማዘጋጃ ቤቱ ከለካው ወዲህ ፈርተን ሌላ አልቀበርንበትም። ድንጋይ ለማቆም አቅም አልነበረንም። በየራስጌው ተክል ተከልን።»

ተክል ሲሉ ሠላሳ አንዱ ነጥብ አንድ ላይ ጭንቅላቴ ውስጥ ቆመ። ኮፍያውም፣ ፈቀቅ ብሎ የቆመው ዘንግም። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። 

«ሰነድ አላችሁ?» አሉ ከንቲባው።

«የመቃብር ቦታ ይሰጠን ብለን ሦስት ጊዜ አመልክተናል። ‹ወቅታዊ ሠራተኛ አይደላችሁም ወይ፣ ነገ ትሄዱ የለ› ነበር መልሱ።»

«እኔ በሌለሁበት።»

«አዎ። እርስዎ በሌሉበት።»

ከንቲባው አልተቆጡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «አባቴ፣ መብት እዚህ ከተማ የሚጠበቀው በሰነድ ነው። ሰነድ ለሌለው እሺ ያልኩ ቀን፣ ነገ በቢሮዬ በር የሚቆመው ዘመድ ያለው ብቻ ይሆናል። የአጎቴን አጥር ያፈረስኩት ለዚህ ነው።»

«ሰነዱን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ» አሉ መጋቢ። «ከልክላችሁ ሳለ አምጡ ትሉናላችሁ።»

ከንቲባው ወደ እኔ ዞሩ።

«ኦቦ ጀማል፣ ይህን ካርታ የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ክቡር ከንቲባ።»

«መቃብር አለ?»

ማርቆስ በር ላይ ሆኖ ያየኛል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚጠበቅብኝ፦ ተሳስቻለሁ። ግን የቀያሽ ክብሩ ካርታው ነው፤ ደግሞም «ጎበዝ» ያለኝ ሰው ፊት ነው የቆምኩት።

«ካርታው ላይ የለም» አልኩ።

ውሸት አይደለም። ከውሸት የባሰ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔ ደግሞ ወለምታ እንኳ አልነበረም፣ አውቄ ነው የተናገርኩት። ማርቆስ ኮፍያውን አጠለቀና ወጣ።

በማግስቱ ዶዘር ገባ። ተዳፋት ሲስተካከል የላይኛው ይቆረጣል፣ አፈሩ ወደ ታች ይሞላል። እስከ ረፋድ ተክሎቹ በሙሉ ተነቅለው አለቁ። ማርቆስ ሥራ አልመጣም። ዘንጉ ቢሮው ጥግ ላይ ተደግፎ ዋለ። እኔ ሻይ ቤት ብቻዬን ተቀምጬ ምሳዬን ሳልነካው ተነሳሁ።

ከሰዓት በኋላ ቤቱን አፈላልጌ ሄድኩ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። አንዲት የጭቃ ክፍል ናት፣ በጣም ንጹሕ። ግድግዳው ላይ የአንዲት ሴት ፎቶ ተሰቅሏል።

«ማርታ ናት» አለኝ። «እርስዎ ሥራ ሊጀምሩ ዓመት ሲቀር ነው ያረፈችው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ኢንጂነር፣ ኮፍያዬን ሳወልቅ አላዩም?»

ወደ ፎቶው ዞርኩ።

«ብናገር ምን ይሆናል ብዬ ነው» አለ። «‹ያለ ፈቃድ ቀብራችኋል፣ አንሱ› ቢሉንስ? ዝም ካልን ዝም ብለው ይተዉዋቸዋል አልን። የቀን ሠራተኛ እንዲህ ነው የሚያስበው።»

«ጋሽ ማርቆስ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንቱ ነው የምላቸው፤ እዚህም እንዲሁ እጽፋለሁ።

ፎቶውን እያዩ፣ «አሁን የት እንዳለች የሚያውቅ የለም» አሉ።

እኔ ግን የሚያውቅ ነገር ነበረኝ። ያን የድሮ የመስክ ደብተር ከሳጥን ሥር አወጣሁት። ጠርዙን ምስጥ በልቶታል፤ ቁጥሮቹ ግን ይነበባሉ። ማዕዘንና ርቀት፣ ከአንድ እስከ ሠላሳ አንድ። ያን ጊዜ ልኬቱን የጀመርንበት፣ ከጤና ጣቢያው አጥር ጥግ ያለው የሲሚንቶ ምልክት ደግሞ አልተነካም። ያጠፋሁት ሁሉ እጄ ላይ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ደብተሩን ይዤ ከንቲባው ዘንድ ገባሁ። ሁሉንም ተናገርኩ።

«ሰኞ ስጠይቅዎ ለምን ዝም አሉ?»

«ፈራሁ።»

«ማንን?»

«እርስዎን።»

ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ መልሰው አነሱት። «በጽሑፍ ያቅርቡት» አሉኝ።

ጻፍኩ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንዲህ ሆነ፦ ዶዘሩ ለሦስት ቀን እንዲቆም ትእዛዝ ወጣ። ከወንዝ ማዶ ለመቃብር የሚሆን መሬት ተመደበ፣ አጥርና የይዞታ ማረጋገጫም ተጨመረበት። ያ ወረቀት እነዚያ ሰዎች ከከተማዋ ያገኙት የመጀመሪያ ሰነድ ነው። ለአጽም ማጓጓዣ መኪና ታዘዘ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። አንዱንም ነገር አልረሱም፤ ሁሉም ትክክል ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ በዘመኔ አላየሁም።

ልወጣ ስል ደፈርኩና፣ «ክቡር ከንቲባ፣ ቦታው ድረስ ብቅ ብለው እግዚአብሔር ያጽናችሁ ቢሏቸው» አልኩ።

«ኦቦ ጀማል፣ እኔ ለቅሶ ደራሽ አይደለሁም። የሚያስፈልጋቸውን ሰጥቻለሁ።»

በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ሐሙስ ጋሽ ማርቆስን ለመንኳቸው፣ መጡ። ለመጨረሻ ጊዜ አብረን ሠራን። እኔ መሣሪያው ኋላ፣ እሳቸው ዘንጉን ይዘው። ዛፍ ቅጠል በሌለበት ቀይ አፈር ላይ ነጥቦቹን አንድ በአንድ መልሰን ችካል መታን። ቤተሰቦች በየችካሉ ቆመው ይጠብቃሉ። አንዲት አሮጊት ችካሉን አቅፈው ተቀመጡ።

በላይኛው በኩል አፈሩ ተቆርጦ ስለነበር ቁፋሮው ጥልቅ አልነበረም። አንዳንዱ የራሱን ሰው በጨርቅ ጠቅልሎ አወጣ፤ ዶዘሩ ያገኘው ግን አልተገኘም። በታችኛው በኩል ሙሌቱ ተጭኖ፣ ተዳምጦ አልቋል። ሃያ ሁለተኛው ነጥብ፣ የማርታ ራስጌ፣ እዚያ ነው። ጋሽ ማርቆስ ሲደርሱበት ኮፍያቸውን አወለቁ። ሁለት እጄን አንስቼ ነጥቡ ተያዘ አልኳቸውና፣ መሣሪያዬን ትቼ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«ጥልቀቱ ስንት ነው?»

«ሙሌቱ ብቻ ሦስት ሜትር ከሃያ።»

«በእጅ?»

«በሦስት ቀን አይደረስም። ዶዘር ከገባ ደግሞ...»

«አይግባ። አትንኳት» አሉ። ከዚያ፣ «ከማይነቃነቅ ነገር ተነስተው ይለኩልኝ» አሉኝ።

ከሲሚንቶ ምልክቱ ተነሳሁ። አርባ ስድስት ሜትር ከሰማንያ፣ በቀጥታ ወደ ፀሐይ መውጫ። ሦስት ጊዜ ደገሙት። ወረቀት ላይ ልጽፍላቸው ስል እጄን ያዙኝ።

«ይተዉት። ደብተር ይሳሳታል።»

በሚቀጥለው ወር ዳውሮ መሄዳቸውን ከጎረቤታቸው ሰማሁ። አልተሰናበቱኝም። ዘንግ ያዥ አልተቀጠረልኝም፤ አዲሱ መሣሪያ በአንድ ሰው ይሠራል ተባለ። እውነትም ይሠራል። ጡረታ እስክወጣ ብቻዬን ሠራሁ። አንዳንዴ ነጥብ ከያዝኩ በኋላ ሁለት እጄን አነሳለሁ፤ ማዶ ግን የሚያየኝ የለም።

ከንቲባው ወደ ትልቅ ቦታ ተዛወሩ። ሰዎች እስከ ዛሬ ጥሩ ሰው ነበሩ ወይ ይሉኛል። በእኛ ሥራ ከላይ የተቆረጠው ታች ይሞላል፣ ሂሳቡ ይመጣጠናል። በእሳቸው ላይ ብዙ ጊዜ ሞክሬው አልተመጣጠነልኝም። ከተማ በማስተዳደር እንደ እሳቸው ያለ አላየሁም። ጥቂት የሆኑት፣ አቤት የሚልላቸው የሌላቸው ሰዎች ግን እሳቸው ዘንድ የሚኖሩት ፋይል ሲኖራቸው ብቻ ነበር። ፋይሉን ያበላሸሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ፈራጅ አይደለሁም።

አሁን አወቱ መንደራ ነው የምኖረው። ዓርብ ዓርብ ከሶላት በኋላ ዘይነባ ዘንድ እሄዳለሁ። ድንጋይ አላት፣ ስሟ ተጽፏል፣ በር ላይ ማን ነህ የሚለኝ የለም። ይህ ትልቅ ሀብት መሆኑን ድሮ አላውቅም ነበር።

በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ወደዚያች ከተማ እወርዳለሁ። መናኸሪያው ያማረ ነው። ጣሪያ አለው፣ ንጹሕ ነው፣ ሰው በወረፋ ይሳፈራል። ከጤና ጣቢያው አጥር ጥግ ተነስቼ እርምጃዬን እቆጥራለሁ፤ ቀያሽ የእርምጃውን ልክ ያውቃል። በስልሳ ሁለተኛው እቆማለሁ። ኮፍያዬን አወልቃለሁ።

ባለፈው አንዲት ሴት ጆንያዋን ይዛ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ከእሷ ኋላ ሌላ ሰው፣ ከዚያም ሌላ። ዞር ስል ሰባት ስምንት ሰው ተሰልፏል።

«አባባ፣ የቦንጋ ወረፋ ይሄ ነው?» አለችኝ።

«የቦንጋው ማዶ ነው፣ ልጄ።»

«ሃዬ፣ እሺ፣ እርስዎስ አይሄዱም?»

«እኔ አልሄድም።»

ሰልፉ ተነቅሎ ከእሷ ጋር ሄደ። እኔ ቀረሁ።

ለወጣት ቀያሾች የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ተክል ስታዩ ማን እንደተከለው ጠይቁ። ከማንም በፊት ዘንግ የያዘላችሁን ሰው ጠይቁ። «ክፍት ቦታ» ብላችሁ የምትጽፉት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ አሥራ ስምንት ዓመት በመነጽር ያየኋቸውን ሰው አንድ ቀን አልጠየቅኳቸውም።